ውሃ ያልጠየቀው ብርሃን

«በር ላይ አትቁሚ» አለች አኪኒሲ ከድንኳኑ ውስጥ። «ወይ ውጪ፣ ወይ ግቢ። በር ላይ የምትቆም ነፍሰ ጡር ልጇም በር ላይ ይቆምባታል።»

ሲያሲ ወጣች። ውጪው ወተት ነበር። ሰማዩና የባሕሩ በረዶ የት ላይ እንደሚገናኙ አይለይም። ባሏ ፑቱሊክ በበረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተሩን ሲያስነሳ ድምፁ ከሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የመጣ መሰላት። ከሞተሩ ኋላ ቃሙቲክ የሚሉት ረጅም የእንጨት ተንሸራታች ታስሯል። የአጋዘን ቆዳ አነጠፉላትና ከደረቀው ዓሣ ከረጢት አጠገብ አስቀመጧት።

ነገሩ የጀመረው በጫማ ነው። ጠዋት ጫማዋ እግሯን አላስገባ አለ። አማቷ አኪኒሲ ያበጠውን ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። አሮጊቷ በጉልበቷ ዘመን በድንኳንና በበረዶ ቤት ስንቷን ያዋለደች ናት፤ ያየችው ምን እንደሆነ አወቀች። «መንደር እንሄዳለን፣ አዋላጆቹ ጋ» አለች፤ በቃ።

ሲያሲ ደግሞ ወደዚህ የዓሣ ማጥመጃ ሰፈር የመጣችው ከነዚያው አዋላጆች ሸሽታ ነበር። በየወሩ የመንደሩ ሬዲዮ ስሟን ይጠራል፦ «ሲያሲ፣ የክትትል ቀንሽ ነው፤ እየጠበቅንሽ ነው።» እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሬዲዮኑን ታጠፋለች። ልጅ ሳለች እናቷን ኢቫሉን ምጥ ቢጠናባት በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ከተማ ወሰዷት፤ አውሮፕላኑ ተመለሰ፣ ኢቫሉ ግን እዚያው ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ ሲያሲ ክትትል የጀመረች ሴት መጨረሻዋ አውሮፕላን ነው ብላ ደምድማለች።

ለማንም ያልነገረችው ደስታም ነበራት። ሰሞኑን በዓይኗ ጥግ ትንንሽ ወርቅማ ብርሃኖች ይዋኛሉ። ስትዞር ይሸሿታል፣ ስትተዋቸው ይመለሳሉ። በሰሜኑ በረዶ በሚኖረው ሕዝባቸው ዘንድ የሟች ስም የተሰጠው ሕፃን ሟቹ ራሱ ነው፤ ዘመድ ሁሉ በድሮው ዝምድና ይጠራዋል። ሲያሲም ብርሃኖቹ እናቷ እንደሆኑ፣ ስሟን ልትወስድ እየመጣች እንደሆነ አልተጠራጠረችም። አብሯቸው የመጣውን ራስ ምታት የእርግዝናዋ ድካም አድርጋ ቻለችው። አንጀቷ እናቷን ከመናፈቅ ሌላ አያውቅምና ማን ሊፈርድባት ይችላል?

ሄዱ። በረዶው ከሥራቸው ይንኳኳል፣ ቃሙቲኩ ይዘላል፣ አኪኒሲ ከኋላ አቅፋ ይዛታለች። ጥቂት እንደተጓዙ ነፋሱ ተነሣና የመሬቱን በረዶ አንሥቶ ፊታቸው ላይ በተነው። ፑቱሊክ የሞተሩን አፍንጫ ማየት አቃተው። በተቆለለ የበረዶ ግንብ ሥር ተጠግተው ነፋሱ እስኪያልፍ ሻይ አፈሉ።

ሲያሲ ነጩን ነገር ትኩር ብላ ታያለች። ነጩ ተንቀሳቀሰ።

«ድቦች» አለች ቀስ ብላ።

«ስንት?» ፑቱሊክ ጠመንጃውን ሳበ።

«ሁለት። በግራም በቀኝም።»

ፑቱሊክ ወደ ግራ ዞሮ ጠበቀ፤ አንድ ጥላ የመሰለው ነገር ላይ ተኮሰ። ጥይቱ በረዶ አፈሰ። ድቧ ያኔ በቀኝ በኩል፣ ለዓሣው ከረጢት ስትል፣ አንገቷን ዘርግታ ደርሳለች። ትንፋሿ ሲያሲን ሞቃት። አኪኒሲ ከእሳቱ ላይ ማንቆርቆሪያውን መንጭቃ ወረወረች፤ የፈላው ሻይ የድቧን አፍንጫ አገኘው። ድቧ በሁለት እግሯ ቆመች፣ አጉረመረመች። ፑቱሊክ ዞሮ ከአናቷ በላይ ሲተኩስ ወረደችና እየተንገዳገደች በወተቱ ውስጥ ሟሟች።

«እናቴ፣ ድብን በሻይ ትሸኚያለሽ እንዴ?» አለ ፑቱሊክ።

«ስኳር የለውም ብላ ነው ያኮረፈችው።»

ሳቀና የሁለተኛዋን ዱካ ፍለጋ ወደ ግራ ሄደ። በረዶው ንጹሕ ነው። በቀኝ በኩል ብቻ የአንድ ድብ ዱካ መጥቶ ይመለሳል። ተመልሶ ሁለተኛ ድብ እንዳልነበረ ሲናገር የአኪኒሲ ሳቅ ጠፋ፤ ወደ ሲያሲ ዞረች።

«ምን እያየሽ ነው፣ ልጄ?»

ሲያሲ ተናገረች። ብርሃኖቹን፣ እናቷን፣ ደስታዋን ሁሉ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«በጣም።»

«ውሃ ጠየቀችሽ?»

«ማን?»

«ኢቫሉ ናታ። ስሟን የምትፈልግ ሟች በሕልም መጥታ ጠማኝ ትላለች። ዓይን እያወናበደች፣ ራስ እየፈለጠች አትመጣም። ይሄ እናትሽ አይደለችም፤ ደም ብዛት ነው።» አሮጊቷ የሲያሲን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «እናትሽም ብርሃን አየሁ እያለች ትስቅ ነበር። ሆዷን ለአንድ አዋላጅ ሳታሳይ ከርማ በመጨረሻው ቀን ነው አውሮፕላን የጠሩላት። የገደላት አውሮፕላኑ አይደለም፤ መዘግየቷ ነው።»

ሲያሲ አላለቀሰችም። እናቷ ሁለተኛ የሞተችባት ያህል ግን ቀዘቀዘች።

ነፋሱ ሲያልፍ መንደሩ ታየ። ከጭጋጉ በላይ የተንጠለጠሉ ቀይና ሰማያዊ ቤቶች። በመካከሉ ግን የባሕሩ በረዶ ተሰንጥቋል። ጥቁር ውሃ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይተነፍሳል። ፑቱሊክ በሁለቱም አቅጣጫ ነድቶ ተመለሰ።

«መዞሪያ የለውም። ወደ ሰፈር እንመለስ። ነገ ምናልባት ይገጥማል።»

«ነገ» አለች አኪኒሲ። ሁለቱም ሲያሲን አዩ።

ከኋላቸው ያለው መንገድ ለስላሳ ነው፤ ነፋሱም ወደዚያው ይገፋል። ድንኳኑ፣ ቆዳው፣ ማንም ስም የማይጠራበት ጸጥታ። ሲያሲ ሆዷን ያዘች፤ ከውስጥ አንድ ክርን ገፋት።

«ቃሙቲኩን ፍታው» አለችው ባሏን። «ድልድይ ይሁነን።»

ረጅሙን ተንሸራታች በስንጥቁ ላይ ገፍተው አጋደሙት፤ ጫፉ ማዶውን በጭንቅ ነካ። ሲያሲ በአራት እግሯ ወጣችበት። እንጨቱ ጎበጠ። ከሥሯ ጥቁሩ ውሃ፣ በውሃው ላይ ደግሞ እነዚያ ወርቅማ ብርሃኖች፤ ነይ ነይ የሚሉ፣ የሚያማምሩ። መሃል ስትደርስ እጇ ቆመ። እዚያው ብትተኛ እንዴት ደስ ባላት።

«አንቺ እናቴ አይደለሽም» አለችው ብርሃኑን፤ ዓይኗን ጨፍና እንጨቱን በእጇ እየዳበሰች አለፈች።

ሁለቱም ተከትለዋት ተሻገሩ፤ ሞተሩ ማዶ ቀረ። ቀሪውን በእግር፣ በመካከላቸው ደግፈው ወሰዷት። የአዋላጆቹ ቤት በር ላይ ስትደርስ ግን እግሯ እንደገና ቆመ። አዋላጇ ፓሳ፣ ያቺ የሬዲዮዋ ድምፅ፣ ከውስጥ አየቻት።

«በር ላይ አትቁሚ እንጂ፣ የኔ እህት» አለች ፓሳ።

ሲያሲ ገባች።

ፓሳ በሲያሲ ክንድ ላይ ያሰረችውን የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ነፍታ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። የት ነበርሽ ብላ አልተቆጣችም። መድኃኒት በደም ሥሯ እየሰጠች እውነቱን ነገረቻት፦ ልጁ አሁን መወለድ አለበት፤ ለዚህ የሚበቃው የደቡቡ ሆስፒታል ነው።

«ጥሩት» አለች ሲያሲ። «አውሮፕላኑን ጥሩት። አማቴ ከጎኔ ትቀመጥ።»

ከደመና በላይ አኪኒሲ እጇን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ኢቫሉ መጣች፤ ብርሃን አልነበራትም፤ ጸጉሯን ተጎንጉና፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ዓሣ ስትዘለዝል የዋለች ሴት። «ጠማኝ» አለቻት። ሲያሲ በሁለት እጇ ውሃ አቀረበችላት፤ ኢቫሉም እስኪበቃት ጠጣች።

በረዶው ሊቀልጥ ሲል ተመለሱ። መንደርተኛው የጠጠሩ አየር ማረፊያ ድረስ ወጥቶ እየተሰለፈ የሕፃኗን፣ የትንሿን ኢቫሉን፣ እጅ ጨበጠ። ከኋላ አንዲት ሆዷ የገፋ ጎረቤቷ ዓይኗን ሰብራ ቆማለች።

«ክትትል ጀምረሻል?» አለቻት ሲያሲ።

«ምንም አላመመኝም እኮ።»

«እኔም እስከዚያ ቀን ምንም አላመመኝም እል ነበር። ነገ መጥቼ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ በየወሩም።»

በመጨረሻ የሲያሲ አባት ታሙሲ በምርኩዙ ደረሰ። ሽማግሌው ሚስቱን ከዚሁ ጠጠር ላይ ሸኝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲያርፍ አንድም ቀን ቤቱ ተቀምጦ አያውቅም። ጓንቱን አወለቀ። የሕፃኗን ጣቶች በጣቱ ያዘ።

«ሚስቴ» አላት፤ «ዘገየሽብኝ።»