የአሥር አለቃው ሸሚዝ

ጥር 1961 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ነገሌ ቦረና። ገመድ ላይ የተሰጣ አንድ ካኪ ሸሚዝ፣ ሸሚዝ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ውሃ አንጠባጠበ። እኔ በሟርትም በመንፈስም አምኜ አላውቅም፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነገረኝ "ማን አየ?" ብዬ የምጠይቅ ጋዜጠኛ ነኝ፣ የዚህኛው ችግር ያየሁት እኔው መሆኔ ነው።

የሄድኩት ስለ ጋሽ ጉዮ ልጽፍ ነበር። ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ልብስ ቀለም የሚነክሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ውሃ በአህያ በሚመጣበት፣ ቀለሙን ልብስ ላይ የሚያስይዘው ሶዳ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና እስኪደርስ ወር በሚጠበቅበት ከተማ አንዲት ጠብታ አይጥሉም፣ ያገለገለውን ውሃ በአሸዋና በከሰል አጥልለው ቀለሙን ያስቀሩታል፣ ሶዳና ጨው ያለበትን ውሃ ለሚቀጥለው ልብስ ይመልሱታል፣ እመነኝ፣ ከተሰጣ ልብስ የሚንጠባጠበውን እንኳ ከሥሩ ሳፋ ደቅነው ይሰበስባሉ።

"አካም፣ ናጋ?" አሉኝ በኦሮምኛ ሰላምታ። "ውሃ ብቻ አትጠይቀኝ እንጂ ሌላውን ጠይቅ።"

እያወራን በላይነሽ የምትባል የአሥር አለቃ ሚስት ሸሚዙን ልትወስድ መጣች። ባሏ ከሞያሌ በፈቃድ ቅዳሜ ይገባል፣ እሑድ የልጃቸው ክርስትና ነው፣ እቤት ትቶት የሄደውን የደበዘዘ ሸሚዝ አሳድሳ ልትጠብቀው ነው።

"ጋሽ ጉዮ፣ በየትኛው ውሃ ነከሩት?"

"በትናንቱ።"

"ትናንት የነከሩት የሐዘን ጥቁር አልነበረም?"

"ጥቁሩ ከሰሉ ላይ ቀርቷል። ውሃ ሐዘን አያውቅም፣ ልጄ።"

"የእናንተ አገር ውሃ አያውቅ ይሆናል። እኛ ዘንድ በሕይወት ያለ ሰው ልብስ በማቅ ውሃ አይነከርም።"

ሲያጠልሉት እንዳየሁ፣ ውሃው እንደ መስታወት የጠራ እንደነበር ነገርኳት። እሷ ግን ሳፋውን ታያለች። ጠብ፣ ጠብ።

በነገሌ የጥር ፀሐይ ልብስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ይደርቃል። አጠገቡ የተሰጣው ሱሪ ደርቋል፣ ገመዱን ዳሰስኩት፣ እሱም ደረቅ ነው። ሳፋው ሞላ። ጋሽ ጉዮ በርሜሉ ውስጥ ገለበጡት፣ መልሶ ሞላ። ተናደድኩ፣ ሸሚዙን አውርጄ እጄ እስኪያመኝ ጨመቅኩት፣ ጠብታ እስኪያልቅበት ድረስ ማለቴ ነው፣ ከዚያ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ጫፍ ላይ ሰጣሁት። ጠብ። ሶዳ ሶዳ ይሸት የነበረው ውሃ አሁን የወንዝ ደለል ይሸታል።

በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ። ጋሽ ጉዮ ሳፋውን በእግራቸው ገፉት፣ ጠብታው አፈር ላይ ወደቀ።

"ውሃ ሲተርፈኝ የመጀመሪያዬ ነው" አሉ፣ ግን አልሳቁም።

"ይኸን ነገር አስረዱኝ እንጂ" አልኳቸው።

"አንተ አይደለህ የተማርከው? አንተ አስረዳን።"

በላይነሽ ሸሚዙን አልነካችም። "ራሱ መጥቶ ይውሰደው" ብላ ሄደች። ዓርብም ስመለስ ይንጠባጠብ ነበር፣ ከሥሩ ያለው መሬት ጭቃ ሆኗል፣ ስለ ሶዳው ለጋዜጣው የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ፣ ይህን ግን የት ላስገባው?

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የጦሩ መኪና ገባ። በላይነሽ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማ ነበር፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ወታደሮቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ ባሏ የለም። ሾፌሩን ጠየቅኩት።

"ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዳዋ ወንዝ ላይ ቆምን፣ ለራዲያተር ውሃ ሊቀዳ ወረደ" አለኝ። "ጥሩንባ ብንነፋ፣ ብንጣራ፣ ዓርብን ሙሉ ብንፈልግ የለም። ጄሪካኑን ወንዙ ዳር ቆሞ አገኘነው፣ ሞልቶ። ሰዎች እዚያው ትተናል፣ እየፈለጉት ነው።"

በላይነሽ ሕፃኑን እንደታቀፈች ወደ ጋሽ ጉዮ ግቢ አመራች፣ ተከተልኳት።

ሸሚዙ ደርቆ ነበር።