ነአምን ለጭራቋ ያወጣችው ስም

ነአምን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ከሳሎኑ መስኮት መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነአምን ግን መንገድ አታይም። የምታየው ቴሌቪዥን ነው።

ልጆች፣ እናንተም ሱፐር ሂሮ ትወዳላችሁ አይደል? አትፍሩ፣ አልቆጣም። ነአምን ግን ዝም ብላ የምትወድ አልነበረችም፤ ታማርጥ ነበር። የሚበር ሱፐር ሂሮ ጥሩ ነው። ካባ ከሌለው አይረባም። በማሽን የሚታገዘው «አጭበርባሪ ነው»። የሚያለቅሰውማ ጭራሽ አይታይም። ኮሚክ የምታነበው በአጎቷ ስልክ ነው፤ ሥዕሉ ካላማራት ሦስተኛው ገጽ ላይ ትተወዋለች። ከሁሉ በላይ የምትጨነቀው ግን ለጭራቁ ነበር። «ጭራቁ ደካማ ከሆነ ታሪኩም ደካማ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ልጅቷ አስተዋይ ናት።

እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት የምትቀመጠው ከዳርቱ ጋር ነው። ዳርቱ አሥር ዓመቷ ነው፤ እነሱ ቤት ቴሌቪዥን የለም። ስለዚህ ነአምን የሳምንቱን ፊልም ሁሉ ትተርክላታለች። ዳርቱ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ነአምን እንደ ዳርቱ የሚሰማት ሰው አልነበራትም። ወንድሟ እንኳ «አቦ ተይኝ!» ነው የሚላት።

አንድ ሳምንት ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸውን ልጆች ለግድግዳ መጽሔታችን በሥዕል የተሠራ ታሪክ አምጡ አልኳቸው። ነአምን ዘለለች። የራሷን ኮሚክ ልትሠራ ነው! ሱፐር ሂሮዋን በአንድ ቀን ጨረሰች። ጭራቁ ግን እምቢ አላት። ቀንድ ሠራችለት፣ አጠፋችው። ሦስት ዓይን ሠራችለት፣ እሱንም አጠፋችው።

«ይሄ ሁሉ የታየ ነው» አለች ተናዳ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቀና ስትል በመስኮቱ አንዲት ሴት አየች። ሴትየዋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ከእንጦጦ ትወርዳለች። ሸክሙ ከእሷ ይበልጣል። ፊቷ አይታይም፤ ቅጠሉ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ከአጥሩ ወዲያ የልጅ ድምፅ «ሃርሜ! ሃርሜ!» እያለ ይጣራል።

«ሃርሜ!» አለች ነአምን። «እንዴት የሚያስፈራ ስም ነው!»

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም። ማን እንደሚጣራም ወጥታ አላየችም። ፊልሟ ሊጀምር ነበራ! እርሳሷን አንስታ ጭራቋን ሣለች፤ ጎባጣ፣ ፊት የሌላት፣ ጀርባዋ ላይ ጫካ የበቀለባት፣ ሕፃናት ሰርቃ ቅጠሏ ውስጥ የምትደብቅ። ከላይ በቀይ «ሃርሜ» ብላ ጻፈችበት።

እሑድ ሥዕሉን ሳየው ሳቅሁ። አዎ፣ እኔ መምህራችሁ ዘውድነሽ ሳቅሁ። እዚህ ሰፈር ሃያ ዓመት ኖሬ ቃሉን አላውቀውም ነበር። ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ሥዕሉን ከሁሉ በላይ ለጠፍኩት። ልጆቹ «ሃርሜ መጣችልህ!» እያሉ እርስ በርስ መባረር ጀመሩ።

ዳርቱ ዘግይታ ገባች። በልጆቹ መካከል ተሽሎክልካ ወደ ግድግዳው ቀረበች።

«እንዴት ናት? አታስፈራም?» አለቻት ነአምን።

ዳርቱ ሥዕሉን አየች። ስሙን አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይህን ስም ከየት አመጣሽው?»

«ከሰፈር። አንድ ልጅ ሲጣራ ሰምቼ።»

«የምጣራው እኔ ነኝ» አለች ዳርቱ። «ሃርሜ በእኛ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ እማዬ ማለት ነው። ይቺ እናቴ ናት።»

ዳርቱ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እኔም ሥዕሉን አወረድኩ፤ ልጆቹን ተቆጣሁ። ምን ዋጋ አለው? ስሙን ለምደውት ነበር።

ነአምን ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት።

«ነገ ሄደሽ ሴትየዋን ራሷን ይቅርታ ጠይቂ» አለቻት እናቷ።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ነአምን መንገዱ ዳር ቆመች። ቅጠሉ ከላይ ብቅ አለ። ልጆች ግን ቀደሟት። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ የእኔው ልጆች። ከግንብ ኋላ ሆነው «ሃርሜ! ሃርሜ!» ብለው ጮኹና ሮጡ።

ሴትየዋ ቆመች። ከሸክሙ ሥር ቀና ለማለት እየታገለች «ወዬ ልጆቼ!» አለች። ፈገግ ብላ ነበር።

ነአምንን ስታይ ሸክሙን ግንቡ ላይ አስደግፋ ላቧን ጠረገች።

«ሰማሽልኝ? ዛሬ ከላይ ጀምሮ ልጆች ሁሉ እናቴ ይሉኛል። በዚህ መንገድ ስመላለስ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከልጄ በቀር አንድም ሰው ጠርቶኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ያሳድጋቸው።»

ነአምን አንገቷን ደፋች። ዝም ብትል ይቀላት ነበር። ግን ልጆቹ ነገም ሊስቁ ነው፤ ሴትየዋም ነገ «ወዬ» ልትል ነው። ይህን አልቻለችውም።

«እትዬ፣ እየሳቁብዎት ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጭራቅ አድርጌ ሣልኩዎት። ስሙን ዳርቱ ስትጣራ ሰማሁት፤ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እያለቀሰች እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ሴትየዋ ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት። ፈገግታዋ ጠፍቷል።

«ዳርቱ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ለዚህ ነዋ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀምስም ያለችው።» ወደ ታች፣ ወደ ቤቷ አቅጣጫ አየች። ከዚያ «ልጅ ነሽ፤ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች።

ነአምን ላግዝዎት ብላ እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ ለምጄዋለሁ» ብላ ሴትየዋ ሸክሟን ራሷ አነሳች።

ጥቂት እንደሄደች ከታች በኩል «ሃርሜ!» የሚል ድምፅ መጣ። አሁን የተጣራችው ዳርቱ ናት። እንደ ወትሮዋ እናቷን ልትቀበል መጥታለች። እናቷ ግን ወዬ አላለችም። ከሸክሟ ሥር ሆና ማን እንደሆነ አላየችም። አንገቷን ደፍታ፣ እርምጃዋን አፍጥና አለፈች።

ዳርቱ ባለችበት ቀረች። ነአምንም አየቻት፤ የዳርቱ ዕንባ ይወርዳል። ከዚያ ዳርቱ በአማርኛ «እማዬ!» ብላ ተጣራች፤ እናቷም ዞረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳርቱ እናቷን መንገድ ላይ የምትጠራት እንደዚያ ነው።

ልጆች፣ በሰው ላይ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ቃሉም ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ፤ ይቅርታ ብታገኙ እንኳ የወሰዳችሁት ነገር ላይመለስ ይችላልና።