ነካ፣ ነካ... ርገጥ

ይህን ብዙ ሰው እንደማያምነኝ አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ሂድ ወዲያ፣ ፔዳል ተሳስተህ ነው" ብዬ እስቅበት ነበር።

ግን ደርሶብኛል። በገዛ እግሬ ያወቅሁትን ነገር ማንም ሊያስክደኝ አይችልም።

ቀኑ እሁድ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ... ጠራራ ፀሐይ።

ቦታው መኪና መንዳት የማስተምርበት ሜዳ ነው። ዙሪያው የግንብ አጥር፣ በአንድ በኩል የብረት በር፣ መሬቱ ላይ ደግሞ መስመር እንዲያሳዩ የተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች። እሁድ ስለሆነ ተማሪ የለም። እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ ነበርን።

እና መኪናዋ...

ስለ መኪናዋ ከመናገሬ በፊት ስለ እህቴ ልንገራችሁ።

ከሁለት ወር በፊት ከቤቷ ግቢ ልትወጣ ሞተር አስነሳች። የሰባት ዓመት ልጇ ሚጣ እንደ ሁልጊዜው በሩን ልትከፍትላት ከፊት ቆማለች። መኪናዋ በድንገት ተወረወረች። ልጅቷን ከበሩ ጋር አጣበቀቻት።

ሚጣ ተረፈች። እግሯ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

እህቴ "እግሬ ፍሬን ላይ ነበር" አለች። ትራፊኩም፣ ሜካኒኩም፣ ባሏም አላመኗትም። "ፍሬን መስሎሽ ነዳጅ ረግጠሽ ነው" አሏት። ባሏ ልጅቷን ይዞ እናቱ ቤት ገባ።

"ተሳስቼ ነው በይና ይቅርታ ጠይቂው፣ ልጅሽን ይመልስልሽ" ብዬ መክሬያት ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ልጄን አቅፌ ልተኛ?" አለችኝ። ድርቅ ማለት ከልጅነቷ ጀምሮ ነው።

እኔ በዚህ ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል። "መኪናው ራሱ ነው የሄደው" የሚለኝ ተማሪ በየወሩ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ የእግር ስህተት ነው። አንዳንዴ የወለል ምንጣፉ ተሰብስቦ ነዳጅ መስጫው ላይ ይወጣል። አንዳንዴ የነዳጁ ሽቦ ይነክሳል፣ ፔዳሉ ተይዞ ይቀራል። በአዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ሴንሰር ይሳሳታል ሲሉ እሰማለሁ። ሜካኒኩ ግን የእህቴን መኪና ፈታቶ ምንም አላገኘም። ምንም ካልተገኘ ጥፋቱ የሚለጠፈው ሰው እግር ላይ ነው።

ለዚህ ነው ተማሪዎቼን በራሴ ዘዴ የማስተምረው። ፔዳል ከመርገጥህ በፊት በጫማህ ጫፍ ሁለቴ ነካ፣ ነካ አድርገው። የትኛው እንደሆነ እግርህ ይለየዋል። ከዚያ ርገጥ።

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስለምጮህ "ጋሽ ነካ ነካ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ራሱንም ትንሽ ነካ ያደርገዋል የሚሉኝም አሉ፤ እነሱን ፈተና ላይ አገኛቸዋለሁ።

የእህቴ ባል በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማማ።

"አንተ አብረሃት ንዳ። እግሯ አይደለም ካልከኝ ቃልህን አምኜ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ። እግሯ ከሆነ ግን..."

አልጨረሰውም። እሁድ አስራ አንድ ሰዓት ሚጣን ይዞ ሜዳው ድረስ ሊመጣ ተቀጣጠርን።

እኔ ደግሞ ማረጋገጫ ነበረኝ። የማሰልጠኛ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፔዳሎች አሉት። ከተማሪው ጋር በብረት ዘንግ ስለተያያዙ እሱ የረገጠው ሁሉ ከእኔ እግር ስርም ይወርዳል። እነዚያን ፔዳሎች ከማሰልጠኛ መኪናዬ ፈትቼ እህቴ መኪና ላይ ገጠምኳቸው። ምንጣፎቹንም አውጥቼ ጣልኩ።

"እፈራለሁ" አለችኝ መሪውን ጨብጣ።

"አጠገብሽ ነኝ። በይ... ነካ፣ ነካ... ርገጪ።"

አንድ ሰዓት ያህል ሜዳውን ዞርን። "እንደገና" እላታለሁ፣ እንደገና ትሞክራለች። እግሯ ቀላል ነው፣ ቁጥብ ነው። ከጫማዬ ስር ነካ ይላል፣ ነካ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እንዲያውም ከብዙ ተማሪዎቼ ትሻላለች።

ጎማዎቹ ጋ ቆመን ሳለ ነዳጅ መስጫው ከጫማዬ ስር ትንሽ ዝቅ አለ።

ተመልሶ ከፍ አለ።

"ነካሽው እንዴ?"

"ኧረ አልነካሁም።"

የራሴ እግር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝቅ አለ። አሁን እግሬን አንስቼ ነበር። ፔዳሉ ብቻውን ወረደ፣ ብቻውን ወጣ። የመግጠሚያው ብሎን ላልቶ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እህቴን ላስደነግጣት አልፈለግሁም።

በመጨረሻ ከብረት በሩ ፊት ለፊት፣ ራቅ ብለን ቆምን። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ ማርሹ ገብቷል። እሷ ፍሬን ይዛለች።

"ወንድም ጋሼ..." አለች በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"እንደዚያን ቀን... አየሩ እንደዚያን ቀን ዝም አለ።"

"እግርሽን ከፍሬን እንዳታነሺ።"

"አላነሳሁም። በልጄ ይሁንብኝ አላነሳሁም..."

ነዳጅ መስጫው ወረደ። ነካ የለ፣ ምን የለ። በአንዴ ወለል ላይ ተለጠፈ።

ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ወደ በሩ መሳብ ጀመረች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእህቴ ቀኝ እግር ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦታል። ግራ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ አቅፋዋለች።

ነዳጅ መስጫው ላይ ማንም አልነበረም።

የጫማዬን ጫፍ ከስሩ አስገብቼ ላነሳው ታገልኩ። ሽቦ ሲነክስ አውቀዋለሁ፤ ደረቅ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ይሄ ግን ትንሽ ከፍ ሲል መልሶ ይጫነኛል... አንድ ሰው ከላይ የቆመበት ያህል።

ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።



"አየኸው?" አለች እህቴ።

"አየሁት።"

"በእናታችን፣ አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ እህቴ። ፍሬን ነው የረገጥሽው።"

መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር እኮ... ሌሊት ሌሊት እግሬን እያየሁ፣ አንቺ ነሽ እንዴ እለው ነበር።" አንጀቴን በላችው።

አውርጄ ጥላ ስር አስቀመጥኳትና ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን ፈታሁት፤ ተሸክሜ አወጣሁና መሬት ላይ፣ በእኔ በኩል ባለው የመኪና በር አጠገብ አኖርኩት። አሁንስ የት ትሄዳለች፣ ቆርቆሮ ናት አልኩ።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የብረት በሩ ተከፈተ።

ባሏ ገባ። ከጎኑ ሚጣ በሁለት ክራንች ቆማለች። ሰውየው ሰላምታም አላስቀደመ።

"እሺ?"

"እግሯ አይደለም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እናቴ ትሙት። መኪናው ነው።"

አንገቱን ደፋ። "ይቅር በይኝ" አላት እህቴን።

"እማ!" አለች ሚጣ። አንዱን ክራንች ጥላ እያነከሰች ሮጠች። እህቴም ተነስታ ሮጠች። መንገድ ላይ ተገናኙ። እህቴ ተንበርክካ አቀፈቻት፣ ባሏም ከላይ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም አቀፋቸው።

እኔ በተከፈተው የመኪና በር ላይ ተደግፌ እንባዬን በእጄ እጠርግ ነበር። ደስታ ነው።

ከዚያ ነው ያየሁት... ሦስቱም ያሉት በብረት በሩና በመኪናዋ አፍንጫ መሃል ነበር።

ከውስጥ ትንሽ ድምፅ ተሰማኝ።

ጠቅ።

ዞሬ አየሁ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ነዳጅ መስጫው ነካ ብሎ ተመለሰ።

ደግሞ ነካ ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በሁለቱም በኩል፣ እኩል፣ ቀስ ብሎ ወለሉ ድረስ ወረደ።

"ከዚያ ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። "ልጅቷን አንሺያት! ውጡ!"

መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ባትሪው እግሬ ስር ነበር።

ፔዳሉ ግን ተመልሶ ከፍ አለ። ከፍ ብሎ ቆየ... ተማሪዎቼ "እንደገና" እስክላቸው እንደሚጠብቁት።

ቃሉ እንዳያመልጠኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ነካ አለ።