ኤፍራታና ያልታጠበው ሙቀጫ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እግራችሁንም ጋቢው ውስጥ ክተቱ። የኤፍራታን ነገር ልንገራችሁ።

ኤፍራታ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዳም ከተማ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ሲናገር ከአፉ ጭስ የሚወጣ ይመስላል።

በጎረቤት እትዬ ዘርፌ አሉ። እትዬ ዘርፌ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ቀኑን ሙሉ አደባባይ ላይ ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ።

«ፊርርር! ፊርርር!» መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል።

ሲመሽ ግን ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ። ተረከዛቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

«መኪናውን በእጄ አቆመዋለሁ» ይላሉ እየሳቁ። «የእግሬን ሕመም ግን በየትኛው እጄ ላቁመው?»

ኤፍራታም ሳቀች። ከዚያ ተረከዛቸውን አየችና ሳቋ ጠፋ።

«እማ፣ ለእትዬ ዘርፌ እግር ስጦታ መስጠት እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው የመታጠቢያ ጨው እንሥራላቸው» አለች እናቷ። «ጨው፣ ጦስኝና አሪቲ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ድካም ያወጣል።»

ከሜዳው ጦስኝ ለቀሙ። ከጓሮው አሪቲ ቀጠፉ። የኤፍራታ ጣቶች ጦስኝ ጦስኝ ሸተቱ።

ቅጠሉን ወንፊት ላይ አድርገው ጥላ ቦታ አሰጡት። «ፀሐይ ከመታው ሽታው ይሄዳል» አለች እናቷ። «እስኪደርቅ መታገሥ ነው።»

ኤፍራታ በየጠዋቱ ትጠይቃለች። «ጦስኝ፣ ጦስኝ፣ ደረቅሽ ወይ?»

ስትነካት ቅጠሏ ለስለስ ትላለች። «ገና ነኝ፣ ገና ነኝ» የምትል ይመስላል።

በማግሥቱም «ጦስኝ፣ ጦስኝ፣ ደረቅሽ ወይ?»

«ገና ነኝ፣ ገና ነኝ።»

በአራተኛው ቀን ነካቻት። «ክሽሽ!» አለች ጦስኝ። ደርቃለች።

እናቷ ድንጋይ ጨውና ሙቀጫ አወጣች። «እኔ የታመመች ጓደኛዬን ጠይቄ እመጣለሁ። አንቺ ሙቀጫውን በደንብ እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርጊው። ትናንት ሚጥሚጣ ወቅጬበታለሁ። ሲደርቅ አብረን እንወቅጣለን።»

እናቷ ሄደች። ኤፍራታ ሙቀጫውን አየችው። ታጥቦ፣ ደግሞ እስኪደርቅ? አራት ቀን ሙሉ ስትጠብቅ ከርማለች እኮ።

ወደ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ቀይ ነገር የለም። አሸተተችው።

«ሃ… ሃ… ሃጥሽ!»

በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። ከዚያ ጨውን ጨምራ መውቀጥ ጀመረች። ዱቅ! ዱቅ! ዱቅ!

እናቷ ስትመለስ ጨው ደቅቆ ጠበቃት። «አላስችል አለሽ አይደል» አለች። «ለመሆኑ ሙቀጫውን አጠብሽው?»

ኤፍራታ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች፤ «አዎ» እንደ ማለት።

እናቷም አመነቻት። ቅጠሉን አሽተው ከጨው ጋር ቀላቀሉት። ባዶ የማር ጠርሙስ ሞሉና በቀይ ክር አሰሩት።

ሲመሽ እትዬ ዘርፌ መጡ። ጠርሙሱን አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄ ሁሉ ለእኔ እግር ነው? እግሬ መቼ ሰው ሆኖ ያውቃል?»

ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውሃ ተደረገ። የጠርሙሱ ጨው በሙሉ ተጨመረ። እትዬ ዘርፌ እግራቸውን አስገቡ።

«እፎይ» አሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ነከሱ።

እግራቸውን ብድግ አደረጉ። ተረከዛቸው ቀልቷል።

«ምነው እትዬ፣ ይለበልባል እንዴ?» አለች የኤፍራታ እናት።

«ኃይለኛ መድኃኒት ነው መሰለኝ» አሉ። «ኤፊዬ ለፍታበታለች፤ ልቻለው።» እግራቸውንም መልሰው ውሃው ውስጥ ከተቱ።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኤፍራታን ግን ፈገግ ብለው አዩዋት።

ኤፍራታ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እግራቸው ግን ውሃው ውስጥ ነው።

«እትዬ ዘርፌ፣ እግርዎን ያውጡ።»

«ለምን፣ የኔ እመቤት?»

«ሙቀጫውን አላጠብኩትም። ሚጥሚጣ ነበረበት። እማንም ዋሸኋት።»

ማንም አልተቆጣም። እናቷ ሳፋውን አንሥታ ውሃውን ደፋችው። የአራት ቀኑ ጦስኝ የግቢው ድንጋይ ላይ ቀረ።

ኤፍራታ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣች። በእትዬ ዘርፌ እግር ላይ ቀስ እያለች አፈሰሰች፤ ደግማ አፈሰሰች። «ይቅርታ» አለች። ድምፅዋ ግን አልወጣም ነበር፤ ስለዚህ እንደገና አለችው።

ሊተኙ ሲሉ እናትና ልጅ አብረው ጸለዩ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል?»

«ይልሻል። እኔም ይቅር ብዬሻለሁ፤ እትዬ ዘርፌም ይቅር ብለውሻል።»

«ታዲያ ለምን አሁንም ይጨንቀኛል?»

«እግራቸው ገና ስላልዳነ ነው» አለች እናቷ፣ ፀጉሯን እየዳበሰች።

ጠዋት እትዬ ዘርፌ ወደ ሥራ ሲሄዱ ኤፍራታ በበሩ ስንጥቅ አየቻቸው። ቀስ ይላሉ፤ ቆም ይላሉ፤ ደግሞ ቀስ ይላሉ። ያን ቀን ሙሉ በዚያ እግር ነው የሚቆሙት።

ኤፍራታ ሙቀጫውን ተሸክማ ወጣች። አንዴ አጠበችው። ሁለቴ አጠበችው። ሦስቴ አጠበችው።

አጎንብሳ አሸተተችው። ምንም አላስነጠሳትም።

ሙቀጫው ፀሐይ ላይ ዋለ። አዲስ ጦስኝ ተለቀመ፤ አዲስ አሪቲ ተቀጠፈ።

«ጦስኝ፣ ጦስኝ፣ ደረቅሽ ወይ?»

«ገና ነኝ፣ ገና ነኝ።»

አሁን ኤፍራታ ጠበቀች። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን። አራት ቀን።

«ክሽሽ!»

ከእናቷ ጋር ጨውን ወቀጡ። ዱቅ! ዱቅ! ዱቅ!

ኤፍራታ እንደገና የተሞላውን ጠርሙስ ይዛ እትዬ ዘርፌ ቤት ሄደች። እትዬ ዘርፌ ጠርሙሱን አዩ፤ እግራቸውንም ወንበሩ ሥር ሰብሰብ አደረጉ።

«እኔስ አምንሻለሁ፣ ኤፊዬ» አሉ። «እግሬ ነው ያላመነሽ።»

ኤፍራታ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጋ ጨውን ጨመረች፤ ካልሲዋን አወለቀች፤ የራሷን እግር አስገባች።

እስከ አሥር ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

«አይለበልብም» አለች።

እትዬ ዘርፌ አንድ ጣት አስገቡ። ከዚያ አንድ እግር። ከዚያ ሁለተኛውን።

«ያማል?»

«ስንጥቁ ጋ፣ ትንሽ።»

«ይቅርታ፣ እትዬ ዘርፌ።»

«ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ። ይልቅ ጠጋ በይ፤ ሳፋውን ለብቻሽ ያዝሽው እኮ።»

ኤፍራታ ጠጋ አለች። ሁለት ትልልቅ እግሮች፣ ሁለት ትንንሽ እግሮች፣ አንድ ሳፋ ውስጥ።

ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማንም አልተነሣም።