የመጨረሻው ሥዕሌ

የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ውጭው ፀሐይ ነው። እኔ አጎቴ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። መሣል ግን እችላለሁ። አጎቴ ይህን ሲያውቅ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈውን የአንድ ታዋቂ ሠዓሊ ሥራ እያስመሰልኩ እንድሥል አደረገኝ። ሥዬ ስጨርስ ሸራውን ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል። ሙቀቱ ቀለሙን ይሰነጣጥቀዋል... ያረጀ ይመስላል። ከዚያ የሟቹ ነው ብሎ ይሸጠዋል።

አንድ መጥፎ ልማድ ነበረብኝ። ቀለሙ መድረቁን ለማወቅ የሸራውን ጥግ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። አሻራዬ ይቀራል። አጎቴ ባየው ቁጥር፣ ይህ ጣትህ አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል እያለ ይቆጣኛል።

አንድ ጊዜ እናቴን ሣልኳት። በራሴ ስም እንዲሸጥልኝ ለመንኩት።

ከት ብሎ ሳቀ።

«የኔ ጌታ፣ በሕይወት ያለ ሰው የሣለውን ማን ይገዛል? መጀመሪያ ሙት።»

ግን ወሰደው። በስሜ ሸጠውም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ...

ሸራ የምትሸጥልን ሴት ስታየኝ ጥቅልሉ ከእጇ ወደቀ።

ጎረቤታችን ሰላም ስለው ክው ብሎ አየኝና በሩን ዘጋ።

አጎቴን ብጠይቀው፣ ከቤት አትውጣ ብቻ አለኝ።

በዚያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የእናቴን ሥዕል የገዛችው ሴትዮ መጣች። አጎቴ ጓዳ አስገባኝ፤ ሻይ ሰጠኝ። ሳይቀዘቅዝ ጠጣ ብሎኝ በሩን ከውጭ ቆለፈው።

ኩባያውን እንደያዝኩ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«እንዲህ ያለ እጅ አፈር ይብላው?» አለች ሴትዮዋ።

«እንደ ልጄ ነበር ያሳደግኩት...»

አጎቴ አለቀሰ። የእውነት አለቀሰ።

«ሌላ ሥራ አልተወም?»

«አንድ አለ... የመጨረሻው። ነገ ይውሰዱት።»

እኔ ግን ከእናቴ ሥዕል ሌላ የራሴ ሥራ አልነበረኝም።

ያኔ ትኩስ ቀለም ሸተተኝ። ዞር ስል የጓዳው ምድጃ ግሏል። ማንም አልለኮሰውም...

ከፈትኩት።

ውስጡ ሥዕል አለ። አንድ ወጣት ወለል ላይ ተዘርሯል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አጠገቡ ባዶ ኩባያ ወድቋል።

ጓዳው ይሄው ጓዳ ነው። ሸሚዙ የለበስኩት ሸሚዝ ነው።

ፊቱ... የእኔ ነው።

አጎቴ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መስመር እንኳ ማስመር አይችልም። አሣሣሉም የእኔ ነው። ጥጉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። በዚያ ሙቀት ውስጥ እንኳ እርጥብ ነው።

አውራ ጣቴን አየሁት።

ቀለም ነክቶታል።

ሴትዮዋ ተሰናብታ ወጣች። የአጎቴ ኮቴ ቀስ እያለ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ።

«የኔ ጌታ...» አለ በሹክሹክታ። «ጠጣኸው?»

አልጠጣሁትም። ከንፈሬን እንኳ አላስነካሁትም...

ዝቅ ብዬ በእጄ የያዝኩትን ኩባያ አየሁ።

ባዶ ነው።