ባለ ቀይ ዘንጉ ሰዓት

ተካልኝ ሰው አያምንም፤ ሰዓት ግን ያምናል። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በምትገኝ ጠባብ ሱቁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት ሲጠግን ያልዋሸው ደንበኛ ጥቂት ነው። «ኧረ ውሃ አልነካውም» ያሉትን ሰዓት ሲከፍተው ዝጎ ያገኘዋል። የተረከበውን ሰዓት ሁሉ በቅድሚያ ከግድግዳው ትልቅ ሰዓት ጋር አስተካክሎ ያስነሳዋል፤ ይህን እጁ የሚሠራው ልቡ ሌላ ነገር እያሰበ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ ጥቁር የለበሱ ሴት አንድ የእጅ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልለው አመጡለት። የድሮ የእሽቅድምድም መኪና የሚወዱት ባለቤታቸው ከውጭ ያስመጡት ነው። በዓለም ላይ መቶ ብቻ እንደተሠራና ይህ ሠላሳ ሰባተኛው እንደሆነ ጀርባው ላይ ተቀርጿል። ፊቱ የአሮጌ ውድድር መኪና ዳሽቦርድ ይመስላል፤ ትንንሽ ክብ ቆጣሪዎችና ደቂቃ የሚለካ ቀጭን ቀይ ዘንግ አሉት፤ ማሰሪያው እንደ ሾፌር ጓንት የተበሳሳ ቆዳ ነው። ቀዩ ዘንግ መነሳት ያለበት የጎኑ ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ማንም ሳይነካው እንደሚነሳ ነገሩት። ባለቤታቸው ባለፈው ወር በደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ሞተዋል። ሰዓቱ ላይ አንድ ጭረት እንኳ አለመኖሩ ተካልኝን ከነከነው። ሴትየዋ መሐረባቸውን ሳይቀር ትተው መሄዳቸውም አላማረውም።

የዚያኑ ቀን ልጁ ትርሲት ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ሐረማያ ታስተምራለች፤ በትንሽ ቪትዟ በየቀኑ ደንገጎን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንስታ አጠለቀችውና ክንዷን ዘርግታ ያምርባት እንደሆነ ጠየቀችው። የሰው ዕቃ መንካት ምን ይሉታል ብሎ ተቆጥቶ አስወለቃት። እየሳቀች ስትወጣ የመኪናዋ ቁልፍ ላይ ያለችው ትንሽ ቃጭል ተንቃጨለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ላይ ቆሟል። ፈታው፤ ሞላውም ጥርሶቹም ንጹሕ ናቸው። አስነሳው። ረቡዕ ጠዋት እንደገና ዘጠኝ ከሩብ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ በሱቁ ውስጥም የቤንዚን ሽታ ነበር፤ በሩን ከፍቶ ቢያናፍሰው እንኳ ከጠረጴዛው እንጨት፣ ከመሐረቡ፣ በመጨረሻም ከገዛ ጣቶቹ እየወጣ አልለቅ ያለ ሽታ። ሐሙስም ያው ዘጠኝ ከሩብ። ሰዓቱን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋው ከትርታው ጀርባ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ድምፅ ርቆና ታፍኖ፣ አንድ ሞተር ቁልቁለት ይዞ ያጓራል። በሞተሩ ውስጥ ደግሞ ቃጭል አለች። ቃጭሏን ለልጁ የገዛላት እሱ ነው።

ለወይዘሮ ዘውድነሽ ደወለ። የሆነውን ነገራቸው።

«ማን አጠለቀው?» አሉት።

«ልጄ። ለአፍታ ነው።»

«ባለቤቴ ከመሞታቸው በፊት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነው ያገኘነው። አሥራ አንድ ከአሥር ላይ። እሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሚያስኬዱት። በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ አምስት ከአሥር ላይ ሞቱ።»

ተካልኝ ፈራ። በጣቱ ቆጠረ፤ የፈረንጅ ዘጠኝ ከሩብ የእኛ ጠዋት ሦስት ከሩብ ነው። በዚያ ሰዓት ትርሲት ዘወትር ደንገጎን እየወጣች ነው። አራተኛው ቀን ደግሞ ነገ ነው።

ዓርብ ጠዋት የመኪናዋን ቁልፍ ስኳር ዕቃ ውስጥ ደበቀው። ትርሲት ቤቱን ስታተራምስ እሱ ወገቤን አለና ተኛ። አፏን ሞልታ አልተናገረችውም እንጂ እንደጠረጠረችው ገብቶታል። ሦስት ከሩብ አለፈ። ሦስት ተኩል ሆነ። አራት ሲሆን ቁልፉን አግኝቼዋለሁ ብሎ ሰጣት፤ ግንባሯን ሳማት፤ ሄደች። ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ሱቁን ከፍቶ አያውቅም። ሰዓቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆም አድሯል።

ስምንት ከአርባ ላይ ደወለችለት። «አባዬ፣ ከሐረማያ ወጣሁ። ከአሁን በኋላ አላነሳም።» ስትነዳ ስልክ እንዳታነሳ በቁጣ ያስተማራት እሱ ነው።

ሻይ አስመጥቶ ግማሹን እንደጠጣ የቤንዚኑ ሽታ መጣ። ቀዩ ዘንግ ማንም ሳይነካው ተነስቶ መዞር ጀምሯል። ተካልኝ ሰዓቱን አነሳ። ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ይላል። ቀና ብሎ የግድግዳውን አየ። ስልኩን አንስቶ ደወለ፤ ይጠራል፤ አይነሳም። እንደገና ደወለ። በመዳፉ ከያዘው ሰዓት ውስጥ ቃጭሏ ትንቃጨላለች፤ የግድግዳው ሰዓትም እንደ እጅ ሰዓቱ ዘጠኝ ከአሥራ ሦስት ሆነ፤ ሰኞ ዕለት ሲረከበው፣ እንደ ልማዱ፣ በሐበሻ አቆጣጠር ያስተካከለው እሱ ራሱ ነበር።