ጫጩቶቹ ያልሞቱበት መኪና

ሾፌሩ በጫጩት ማጓጓዣው መኪና ውስጥ ሞቶ ሲገኝ አምስት መቶ ጫጩቶች በዙሪያው ይንጫጩ ነበር።

የእርባታው ዘበኛ እጃቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ፣ መርማሪዋ ገና ሳትጠይቃቸው። «ክፍት በር ካየሁ እጄ አያርፍም። ጠዋት የመኪናውን በር ቀረቀርኩት።»

መርማሪዋን ሰው «መርፌ» ይላታል፤ ቀጭን ናት፣ ሳትወጋም አትወጣም።

«ጋሼ፣ ለመታሰር አይቸኩሉ፤ ወረፋ አለው። ሲዘጉት ወደ ውስጥ አይተዋል?»

«ሦስቴ አንኳኳለሁ። መልስ አልሰማሁም። ግን የኔስ ጆሮ ጆሮ ነው?»

የእርባታው ባለቤት እንባዋን ጠረገች። «ሰባት ሰዓት ላይ የላዩንም የታቹንም መቀርቀሪያ ስቤ ስከፍት... ወይኔ ልጁን!»

የእንስሳት ሐኪሙ ቁመተ ሎጋ ነው፤ ንግግሩ ግን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አጭር። «አራት ሰዓት ላይ አብረን ጫንን። እሱ ካርቶን ሊያስተካክል ውስጥ ቀረ። ጋሼ ሳያዩ ዘጉበት። አደጋ ነው።»

መርፌ መኪናው ውስጥ ገባች። ቆርቆሮው ይፋጃል። በካርቶኖቹ መካከል ለአየር ማለፊያ ክፍተት ተትቷል፤ ለጫጩቶቹ ጥም የተቆረጠው ሐብሐብ ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሁላችሁም ግቡ» አለች። ሲገቡ ውጭ የቆመው ፖሊስ በሩን ቀረቀረው።

በበሩ ስንጥቅ ከሚገባው ጭላንጭል በቀር ጨለመ። ዘበኛው ትንፋሽ አጠራቸው። ልጁ መጨረሻ የተነፈሰው ይህንን ነው፣ አሉ በልባቸው። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ።

«ክፈቱት!» ሐኪሙ ጮኸ። «በዚህ ሙቀት ግማሽ ሰዓት አይቆዩም!»

«ታዲያ ከአራት እስከ ሰባት እንዴት ቆዩ፣ ዶክተር? ሾፌሩ ትንፋሹን አበደራቸው?»

ሐኪሙ ወደ በሩ ተጠጋ።

«ሰው የገደለ ሙቀት የአንድ ቀን ጫጩት አይምርም» አለች መርፌ። «ሾፌሩ ሲሞት እዚህ አልነበሩም። ሐብሐቡም ገና አሁን የተቆረጠ ነው። ሲጭን ተዘግቶበት የሞተ እንዲመስል፣ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ከፍቶ፣ ጭኖ፣ መልሶ ዘጋ። ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ።»

እጃቸው ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ከወደቅኩ ወዲህ ከዚህ አያልፍም።»

«እንግዲህ የላዩን መቀርቀሪያ አይደርሱበትም። እርስዎ አንኳኩተው መልስ ያጡት የዘጉት ባዶ መኪና ስለሆነ ነው። ሾፌሩን በኋላ አስገብቶ የላዩንም የዘጋው ‘አራት ሰዓት ላይ ጫንን’ ብሎ የዋሸን ረጅሙ ሰው ነው። ዶክተር፣ ሾፌሩ እርስዎ ሳያዩ 'ጤነኛ' እያሉ የሚፈርሙባቸውን የታመሙ ጫጩቶች ወረቀት ይዞልኝ ሊመጣ ነበር፤ ትናንት ደውሎልኛል።»

«ያኔውኑ ጫጩቶቹን አብረህ ብትዘጋባቸው ማን ያውቅብህ ነበር?» አለች የእርባታው ባለቤት፣ እያፈጠጠችበት።

ሐኪሙ ካርቶኑን ዳሰሰ። «አላስችል አለኝ። አምስት መቶ ነፍስ ናቸው።»

«አምስት መቶ አንድ» አሉ ዘበኛው።

ከዚያም በሩን ከውስጥ ሦስቴ አንኳኩ። ውጭ ያለው ፖሊስ ሰምቶ ከፈተ።